ከ«ቱ» በኋላ የሚመጣው ግሥ «ኢንግ» የሚጨምረው መቼ ነው?

የግቢው ልጅ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ፋሲል ግቢ አስጎብኚ ነኝ። ጥምቀት እየደረሰ ስለሆነ ለእንግዶች በየቀኑ ኢሜይልና ዋትስአፕ እንጽፋለን። ሰሞኑን ከባልደረቦቼ ጋር በአንዲት ዓረፍተ ነገር ተከራከርን። «ለመገናኘት ጓጉቻለሁ» ለማለት አንዱ «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሚት ዩ» ነው ይላል። ሌላዋ «ቱ ሚቲንግ ዩ» ነው ብላ ድርቅ አለች።

የልጁ ምክንያት ቀላል አይደለም። «ከቱ በኋላ ግሡ ባዶውን ነው የሚመጣው፣ ትምህርት ቤት የተማርነው እሱን ነው» ይላል። እውነቱን ነው። «አይ ዎንት ቱ ሚት ዩ» እንላለን፤ «አይ ዎንት ቱ ሚቲንግ ዩ» የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም። ልጅቷ ደግሞ እንግዶቹ ራሳቸው «ሚቲንግ» ብለው የጻፉትን ከስልኳ አውጥታ አሳየችን። ከዚያ በኋላ ሁላችንም ዝም አልን።

ፍሬዛል ቨርብን፣ ማለትም እንደ «ጊቭ አፕ» ጭራ ያለውን ግሥ፣ በፊደል ተራ የደረደረ መጽሐፍ ሞልቷል። እኔ የምፈልገው ሥሩን ነው። ግሡ «አፕ»፣ «ኦፍ»፣ «ኦን»፣ «አውት» የምትል ጭራ ካበጀ በኋላ ሌላ ግሥ ሲከተለው የቱ «ቱ» ይወስዳል? የቱ «ኢንግ»? «ዩ» እና «ዜም»ስ የት ነው የሚገቡት፣ መሃል ወይስ መጨረሻ?

አዲስ የሚመጡትን ልጆች የማለማምደው እኔ ነኝ። ለምን ብለው ሲጠይቁኝ «እንዲሁ ነው» ብዬ ማለፍ አልወድም። የምታውቁ አስረዱን። እንግሊዝኛውን በራሳችን ፊደል ጻፉት፤ ልጆቹ አነባበቡንም አብረው ይይዙታል።

ሪሴፕሽን ፒያሳ፦

ወንድሜ፣ ልጅቷ ልክ ናት። «ሚቲንግ» ነው።

እኔ ሆቴል ነው የምሠራው። ደንቡን ሳይሆን ጆሮዬ የለመደውን ልንገርህ። «ኤንድ አፕ» ካሉ ሁሌም «ኢንግ» ይከተላል። «ዊ ኤንድድ አፕ ስቴዪንግ አናዘር ናይት» ይሉኛል፣ አንድ ሌሊት ብለው መጥተው ከተማዋ ስታስቀራቸው። «ፑት ኦፍ»ም እንደዚያው ነው። መሄዳቸውን ለነገ ሲያስተላልፉ «ዊ ፑት ኦፍ ሊቪንግ» ይላሉ። «ተርን አውት» ግን «ቱ ቢ» ነው። «ዘ ሩም ተርንድ አውት ቱ ቢ ቬሪ ኳየት» ሲሉኝ ደስ ይለኛል፣ የመንገዱ ዳር ክፍል ይረብሻል ብዬ ሰግቼ ስለነበር።

ለምን እንደሆነ ቲቸር ያስረዱህ፤ እዚሁ ቤት አሉ።

ቲቸር ከማራኪ፦

ሰላም ልጆቼ። እንግሊዝኛ ሳስተምር ነው ጡረታ የወጣሁት። ዝርዝር ስጡን የሚል ተማሪ ብዙ ነው፤ ለምን የሚል ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ በደንብ እመልሳለሁ፤ ታገሡኝ።

መጀመሪያ ግራ የሚያጋባን ምን እንደሆነ እንይ። በአማርኛ «መገናኘት» አንድ ቃል ነው። «መገናኘት እንፈልጋለን»፣ «መገናኘት ጥሩ ነው»፣ «ለመገናኘት ጓጉተናል» እንላለን፤ ቃሉ አይለወጥም። እንግሊዝኛ ይህንኑ ለሁለት ከፍሎታል። አንዴ «ቱ ሚት» ነው፣ አንዴ «ሚቲንግ»። እኛ «ለመገናኘት» ስንል «ለ» አለችበት። ያቺ «ለ» ወዲያው «ቱ» ሆና ትመጣብናለች፣ «ሚት»ንም ታስከትላለች። ባልደረባህ ዝም ብሎ አልተከራከረም፤ አማርኛው ነው የመራው።

አሁን ወደ እንግሊዝኛው «ቱ» እንሂድ። በመልክ አንድ ነው፣ በሥራ ግን ሁለት ነው። አንደኛው የግሡ የራሱ ነው፦ «ቱ ሚት»፣ «ቱ ጎ»፣ «ቱ ኢት»። ሁለተኛው መስተዋድድ ነው፦ «ቱ ጎንደር»፣ «ቱ ዘ ማርኬት»። መስተዋድድ ከኋላው ስም ይፈልጋል። ግሥ ከመጣበት ያ ግሥ እንደ ስም መሆን አለበት። በእንግሊዝኛ ይህን የሚያደርገው «ኢንግ» ነው።

የትኛው «ቱ» እንደሆነ እንዴት ታውቃለህ? ከኋላው ያለውን ግሥ አውጣና በቦታው ስም አስገባ። «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ጥምቀት» ይባላል? አዎ፣ ይባላል። ስለዚህ መስተዋድድ ነው፤ ግሥ ሲመጣ «ቱ ሚቲንግ ዩ» ይሆናል። «አይ ዎንት ቱ ጥምቀት» ይባላል? አይባልም። ስለዚህ የግሡ «ቱ» ነው፤ «ቱ ሚት ዩ» ይሆናል። አለቀ።

በዚሁ መለያ «ዩዝድ ቱ»ንም ፍቱት፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚያ ላይ ነው። «ጎንደር ዩዝድ ቱ ቢ ዘ ካፒታል» ማለት ጎንደር ድሮ ዋና ከተማ ነበረች ማለት ነው። እዚህ ላይ «ጎንደር ዩዝድ ቱ ዘ ካፒታል» ብትል ትርጉም የለውም፤ ስለዚህ ባዶው ግሥ ነው። «አይ አም ዩዝድ ቱ» ሲሆን ግን «ለምጃለሁ» ማለት ነው። «አይ አም ዩዝድ ቱ ዘ ሂልስ» ይባላል፣ ዳገቱን ለምጄዋለሁ። ስለዚህ «አይ አም ዩዝድ ቱ ክላይምቢንግ» ነው። ፊቱ ላይ ያለችው «አም» ሁሉን ትለውጠዋለች።

አማርኛችን ያደናግራል ብያለሁ፤ የሚረዳበትም መንገድ አለው። «መ» ያለው ግሥ ፊት «ከ»፣ «በ» ወይም «ስለ» ካገኘህ፣ መስተዋድዱን ይዘህ ወደ እንግሊዝኛ ስትሻገር ግሡ «ኢንግ» ይሆናል። ከመግባት በፊት፣ «ቢፎር ኤንተሪንግ»። በመሥራት፣ «ባይ ዎርኪንግ»። ስለ መቆየት፣ «አባውት ስቴዪንግ»። የምታስቸግረው «ለ» ብቻ ናት። «ለ»ን ስታይ ቆም በልና ስሙን አስገብተህ ሞክር።

«ቱ» ጨርሶ የሌለበት ደግሞ ቀላል ነው። ሪሴፕሽን ያለችው ልጄ በጆሮዋ የያዘችው እሱን ነው። «ጊቭ አፕ»፣ «ፑት ኦፍ»፣ «ኪፕ ኦን»፣ «ካሪ ኦን»፣ «ኤንድ አፕ»፤ ከጭራው ላይ ግሥ በቀጥታ ከተቀጠለ «ኢንግ» ነው። «ሂ ጌቭ አፕ ስሞኪንግ» ይባላል፣ ማጨስ ተወ፤ «ጌቭ አፕ ስሞክ» አይባልም፣ «ጌቭ አፕ ቱ ስሞክ»ም አይባልም። ጭራው ሁለት ቢሆንም ያው ነው። «አይ ካንት ፑት አፕ ዊዝ ዌይቲንግ»፣ መጠበቅን መታገሥ አልችልም።

ከጭራው በኋላ የግሡን «ቱ» የሚወስዱት ጥቂት ናቸው። ለአንተ ሥራ የሚያስፈልጉት ሦስቱ «ተርን አውት ቱ»፣ «ሴት አውት ቱ» እና «ጎ ኦን ቱ» ናቸው። የመጀመሪያው «ሆኖ ተገኘ» ነው። ሁለተኛው ሊያደርገው አስቦ ተነሣ ነው። ሦስተኛውን ለብቻው ላቆየው፣ ምክንያቱም ግቢያችሁ ውስጥ በየቀኑ ትፈልጉታላችሁ።

«ጎ ኦን» ሁለቱንም ይወስዳል፣ ትርጉሙ ግን ይለያያል። ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን መቀመጫው አደረገ፤ ከዚያ ቤተ መንግሥቱን ሠራ። ይህን ስትናገር «ሂ ዌንት ኦን ቱ ቢልድ ኤ ካስል» ትላለህ። አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው አለፈ ማለት ነው። ከሱ በኋላ የመጡት ደግሞ፣ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍቱን፣ ኢያሱ ቤተ መንግሥቱን፣ ዳዊት አዳራሹን፣ በካፋም ምንትዋብም የየራሳቸውን፣ በዚያው ግቢ መገንባቱን ቀጠሉ። ይህን ስትናገር «ዘ ኪንግስ አፍተር ሂም ዌንት ኦን ቢልዲንግ ኢን ዘ ሴም ኮምፓውንድ» ትላለህ። «ዌንት ኦን ቱ ቢልድ» ካልክ እንግዳው የሚሰማው ሌላ ታሪክ ነው፤ ነገሥታቱ ሌላ ነገር ሲያደርጉ ቆይተው በመጨረሻ ወደ ግንባታ የዞሩ ይመስለዋል።

ስለ «ዩ» እና «ዜም» በኋላ እመለሳለሁ።

የደባርቅ ልጅ፦

ቲቸር፣ በአክብሮት ሁለት ነገር ልበል። ሰሜን ተራሮች ላይ እንግዳ ይዤ የምወጣ ሰው ነኝ።

አንደኛ፣ «ቱ ሚት ዩ» ብንል እንግዳው ምን እንዳልነው ይገባዋል። ሲቆጣ ያየሁት የለም። ራሳቸውም፣ እንግሊዝኛ የአገራቸው ቋንቋ ያልሆነው፣ ጀርመኑም ጣሊያኑም እንደዚያ ይላል። ልጆቹን እዚህ ላይ ማስጨነቅ አስፈላጊ ነው ወይ?

ሁለተኛ፣ መለያዎት ላይ ጥያቄ አለኝ። እኛ «ዊ ዌንት ኦን ቱ ደባርቅ» እንላለን። ይባላልም። ደባርቅ ስም ነው። ታዲያ በእርስዎ መለያ «ዌንት ኦን ቱ ቢልዲንግ» ሊሆን አይደል?

ቲቸር ከማራኪ፦

የደባርቁ፣ ሁለተኛው ጥያቄህ በጣም ጥሩ ነው። እሱን ላስቀድም።

መለያው የሚሠራው ስሙን ስታስገባ የግሡ ትርጉም ካልተለወጠ ብቻ ነው። «ሉክ ፎርዋርድ ቱ ጥምቀት» እና «ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሚቲንግ ዩ»፣ ሁለቱም ላይ ያለው ያው ጉጉት ነው። «ዌንት ኦን ቱ ደባርቅ» ግን እግርህ ነው የሄደው፣ መንገድ ቀጠልክ ማለት ነው። «ዌንት ኦን ቱ ቢልድ» ላይ የሚሄድ ሰው የለም። ሁለት የተለያዩ «ጎ ኦን» ናቸው፣ «ቱ»ዎቻቸውም ይለያያሉ። ይህን መጀመሪያ ልጽፈው ይገባ ነበር የምትል ከሆነ ተቀብያለሁ፤ መለያውን ስታስተምሩ «ትርጉሙ ሳይለወጥ» የሚለውን አብራችሁ አስተምሩ።

«ሴት አውት»ም እንዲሁ ነው። «ዊ ሴት አውት ፎር ደባርቅ» ካልክ መንገድ ጀመራችሁ። ቦታ ሲመጣ «ፎር» ነው የሚወስደው። «ዊ ሴት አውት ቱ ሲ ዋልያ» ካልክ ግን ዋልያ ለማየት አስባችሁ ነው የተነሣችሁት፤ ታዩት አታዩት እንደሆነ ገና አይታወቅም።

ወደ አንደኛው ልምጣ። «ቱ ሚት ዩ» ብትል ይገባዋል፣ ልክ ነህ። ልጅ በዚያ አይሰደብም። ግን የማይገባው፣ ወይም ተገላቢጦሽ የሚገባው ቦታ አለ። ወደ ደባርቅ ስትሄዱ «ዊ ስቶፕድ ቱ ቴክ ፎቶስ» ካልክ ፎቶ ለማንሣት መኪናውን አቆማችሁ። «ዊ ስቶፕድ ቴኪንግ ፎቶስ» ካልክ ፎቶ ማንሣት አቆማችሁ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሥርዓት ተጀምሮ «ፎቶ ማንሣት አቁሙ» ልትል ፈልገህ «ፕሊስ ስቶፕ ቱ ቴክ ፎቶስ» ብትል፣ እንግዳው ካሜራውን ይከፍታል። እንግዳውም ጥፋት የለበትም፣ የተባለውን ነው ያደረገው። ልጆቹን ማስተማር ያለባችሁ ለዚህ ነው። ቀላሉን በደንብ የያዘ ልጅ ከባዱ ላይ አይሳሳትም።

ብዙ ጊዜ «ቱ» ያለው ግሥ ገና የሚመጣውን ያመለክታል፤ «ኢንግ» ያለው ደግሞ የተጀመረውን፣ በእጅ ያለውን። ሁልጊዜ አይደለም። ለ«ስቶፕ» እና ለ«ጎ ኦን» ግን ይበቃል።

የግቢው ልጅ፦

ቲቸር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ «ዌንት ኦን» የጻፉትን ዛሬ ለልጆቹ በቃሌ ነገርኳቸው፤ እዚያው ግቢው ውስጥ ቆመን፣ ግንቦቹን እያየን። ወዲያው ገባቸው።

አሁን «ዩ»ንና «ዜም»ን ይጨምሩልኝ። ለእንግዶች ልልክ የምፈልገው ይህን ነው፦ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ሹፌር እንዲቀበላችሁ አድርጌያለሁ። እንዴት እንደምጽፈው ቢያሳዩኝ።

ቲቸር ከማራኪ፦

ልጄ፣ እዚህች አንዲት መልእክት ውስጥ የጠየቅከው ሁሉ አለ። እንዲህ ትጽፋታለህ፦

«አይ ሃቭ አሬንጅድ ፎር ኤ ድራይቨር ቱ ፒክ ዩ አፕ አት ዚ ኤርፖርት»።

ቀስ ብለን እንፍታት። አማርኛው «ሹፌር እንዲቀበላችሁ» ይላል። ያ «እንዲ» የሚለው ነገር በእንግሊዝኛ ብዙ ጊዜ ለሁለት ይከፈላል፤ ሰውየው ፊት «ፎር»፣ ግሡ ፊት «ቱ»። «ፎር ኤ ድራይቨር»፣ ሹፌሩ። «ቱ ፒክ ዩ አፕ»፣ እንዲቀበላችሁ። እዚህ ላይ ያለው «ቱ» የግሡ ነው፣ ስለዚህ «ፒክ» ባዶውን መጣ። «ዌይት ፎር»ም በዚሁ መንገድ ይሄዳል፦ «ዊ አር ዌይቲንግ ፎር ዘ ጌት ቱ ኦፕን»፣ በሩ እንዲከፈት እየጠበቅን ነው። «ካውንት ኦን» ላይ «ፎር» የለም፣ በቦታው «ኦን» አለ፦ «አይ አም ካውንቲንግ ኦን ዩ ቱ ብሪንግ ዘ ኪ»፣ ቁልፉን እንድታመጣ ተማምኜብሃለሁ።

ቀጥሎ «ፒክ ዩ አፕ»። «ፒክ አፕ ዩ» አይባልም። «ዩ»፣ «ሂም»፣ «ሃር»፣ «ኢት»፣ «ዜም» የመሳሰሉት ተውላጠ ስሞች መሃል ካልገቡ አይሆንም። ሙሉ ስም ከሆነ ግን ምርጫው ያንተ ነው። ደብረ ብርሃን ሥላሴ በር ላይ የምትሉትን ውሰድ። «ቴክ ኦፍ ዩር ሹስ» ይባላል። «ቴክ ዩር ሹስ ኦፍ»ም ይባላል። ጫማ የሚለው ተትቶ «ዜም» ሲሆን ግን አንድ መንገድ ብቻ ነው፦ «ቴክ ዜም ኦፍ»።

ይህ ግን ለሁሉም አይሠራም። «ሉክ አፍተር»፣ «ሉክ ፎር»፣ «ዌይት ፎር» አይከፈሉም። «ሉክ አፍተር ኢት» ነው፣ «ሉክ ኢት አፍተር» አይደለም። «አፍተር» እና «ፎር» መስተዋድድ ስለሆኑ ስሙ ከኋላቸው መቆም አለበት። «አፕ»፣ «ኦፍ»፣ «አውት» ብዙ ጊዜ ተውሳከ ግሥ ናቸውና ስሙን ፊታቸው ያሳልፉታል። በድምፅም መለየት ይቻላል። እንግዶቹ ሲናገሩ ልብ ብለህ አድምጥ። «ቴክ ዜም ኦፍ» ሲሉ ብዙውን ጊዜ «ኦፍ» ላይ ጠበቅ ያደርጋሉ። «ሉክ አት ኢት» ሲሉ ደግሞ «ሉክ» ላይ ጠበቅ አድርገው «አት»ን ቶሎ ያልፏታል። ይህን ሳስተምር ተማሪዎቼን ጮክ አስብዬ ነበር የማስነብባቸው፤ ጆሮ ከያዘው አይለቅም።

ሁለት ጭራ ያላቸውም አይከፈሉም። «ዊ ራን አውት ኦፍ ዋተር» ነው፣ ውሃ አለቀብን። ተውላጠ ስም ቢሆንም ያው መጨረሻ ነው፦ «ዊ ራን አውት ኦፍ ኢት»።

የበዓታ ተማሪ፦

ቲቸር፣ እኔ አቋቋም ተማሪ ነኝ፤ እንግሊዝኛዬ ገና ነው። እንግዶች መቋሚያዬን እያዩ ምን እንደሆነ ይጠይቁኛል። «የሚደገፉበት ዘንግ» ማለት እፈልጋለሁ። «ኤ ስቲክ ቱ ሊን» ስላቸው ያርሙኛል። ለምን? «ቱ ሊን» ግሡ ልክ አይደለም?

ቲቸር ከማራኪ፦

የኔ ልጅ፣ ግሡ ልክ ነው፤ የጎደለች አንዲት ነገር አለች። «ኤ ስቲክ ቱ ሊን ኦን» ነው።

አማርኛህን አድምጠው። «የሚደገፉ ዘንግ» አላልክም፤ «የሚደገፉበት» አልክ። ያቺ «በት» ናት እንግሊዝኛው ላይ መጨረሻ የምትመጣው «ኦን»። «በት» ብትወድቅ አማርኛው እንደሚጎድል፣ «ኦን» ብትወድቅም እንግሊዝኛው ይጎድላል። የሚጽፉበት እስክርቢቶ፣ «ኤ ፔን ቱ ራይት ዊዝ»። የሚጽፉበት ወረቀት፣ «ፔፐር ቱ ራይት ኦን»። አማርኛው ሁለቱንም «በት» ይላቸዋል፤ እንግሊዝኛው መሣሪያውንና ቦታውን ይለያል። አንተ ልብ ማለት ያለብህ የቱ እንደሆነ ነው። መቋሚያው ላይ ክብደትህን ትጥልበታለህ፣ ስለዚህ «ኦን»።

እንግዶቹ ሲጠይቁህ ስለ ማኅሌቱ ርዝመትም ንገራቸው። ሌሊቱን ሙሉ እንደሚቆም ሲሰሙ «ኦን»ዋ ለምን እንዳስፈለገች ራሳቸው ያዩታል።

የግቢው ልጅ፦

ቲቸር፣ መልእክቱን ልኬያለሁ። መጨረሻው ላይ «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሚቲንግ ዩ» ብዬ ዘጋሁት። ለማያውቁት ሰው «አይ አም ሉኪንግ ፎርዋርድ» ይሻላል የሚል አለ፤ እሱስ?

ቲቸር ከማራኪ፦

ለማታውቀው እንግዳ «አይ ሉክ ፎርዋርድ» ጥሩ ነው፣ ረጋ ያለ የደብዳቤ አነጋገር ነው። ከለመድከው ሰው ጋር «አይ አም ሉኪንግ ፎርዋርድ» በል፤ ይቀርባል። «ሚቲንግ» ሁለቱም ላይ አይለወጥም።

የደባርቅ ልጅ፦

አንዲት ልጨምር። እንግዶቼ ከአፋቸው የማይጠፋ ቃል አላቸው፦ «ጌት ራውንድ ቱ»። አሜሪካኖቹ «ጌት አራውንድ ቱ» ይላሉ። ጊዜ አግኝቼ አላደረግሁትም ለማለት ነው። ከኋላው ምን ይመጣል?

ሪሴፕሽን ፒያሳ፦

ይህችን እኔ ልመልስ ቲቸር። «አይ ዊል ጌት ራውንድ ቱ ኢት» ሲሉ እሰማለሁ። «ኢት» ገባ፣ ትርጉሙም አልተለወጠም። ስለዚህ «ኢንግ» ነው፦ «አይ ኔቨር ጎት ራውንድ ቱ ቪዚቲንግ ቁስቋም»።

ቲቸር ከማራኪ፦

ልክ ነሽ የኔ ልጅ። እንደዚያ የሚልሽ እንግዳ ካለ ግን ቁስቋም ሩቅ አይደለምና ባጃጅ ጥሪለት።